ድንጋይ ላይ የቆመችው ላንድሮቨር

ሮቤ፣ መጋቢት 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለአበልጄ፣ ጎባ።

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጎባ ብርድ ጉልበትህን አሁንም ይነካካሃል ወይስ ተሻለህ? ባለቤትህ እኅተማርያምስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብሎ መጻፍ ወግ ነበር። ወጉን ላድርስ ብዬ ብዕሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ናፍቀኸኝ አይደለም የምጽፍልህ፤ ተቀይሜህ ነው። ደህና መሆናችንን ግን እወቅ። ባለቤቴ ወለተኢየሱስ ሰላም ብላሃለች እንዳልልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ የአንተ ስም ሲነሳ ድስቱን ከምድጃው ጋር ታጋጨዋለች።

ይህን ወረቀት በፖስታ አላክሁትም። ጨው ነጋዴዋ ረቢያ በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ክተተው። አብዛኛው ላንተ ነው፣ ወደ መጨረሻው ያለው ቁራጭ ግን ለእኅተማርያም ነው። ስለዚህ ሳትጨርስ በንዴት እንዳትቀደው።

ስለ መኪናዋ ከመነሻው ልጻፍ። አታውቀውም ብዬ ሳይሆን ረስተኸው ይሆናል ብዬ ነው።

ሲናና እርሻ ስንዴ መሀል ወድቃ ያገኘሃት አንተ ነህ። ግሬደርህን ይዘህ መንገድ ስትጠርግ አይተሃት ቤቴ መጣህና፣ መምህር፣ ሬሳ አግኝቻለሁ፣ ና እናስነሳት አልከኝ። ፈረንጆች ትተዋት የሄዱት አሮጌ ላንድሮቨር፣ ያውም ባለ ረጅሟ። ራዲያተሯ ላይ ሣር በቅሎ፣ የኋላ ወንበሮቿን አይጥ ጨርሷቸው ነበር። በሬ ጠምደን ጎትተን ሮቤ ስናስገባት ገበያተኛው ሁሉ፣ መምህሩ በመኪና ሊያርስ ነው እያለ ይስቅብን ነበር። አንተ መሪውን ይዘህ ለሰዉ ሁሉ እጅህን ታወዛውዛለህ።

ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። እኛ ልጅ አልተሰጠንም፤ ታውቀዋለህ። ቀን ጠመኔ፣ ከትምህርት መልስ ግራሶ። ወለተኢየሱስ መኪናዋን ጣውንቴ ነበር የምትላት፤ ጣውንቴ ዛሬ ምን በላች፣ ዛሬስ የት አመማት ትለኛለች። አንተ ቅዳሜ ከጎባ ትመጣለህ፣ ልጅህ ደምመላሽም ከኋላህ ነው፤ ቁልፍ እያቀበለ አደገ። ካርቡራተሯን በትነን አጠብን። ፍሪሲዮኗን አጋርፋ ከተማ ወድቃ ከቀረች እህቷ ላይ ፈታን። ሳነቴ ተራራ ላይ ጭቃው ሆዷን እንዳይነካት በባሌስትራዋ ላይ ከጭነት መኪና የወሰድነውን ብረት ደርበን ከፍ አደረግናት። የጣሪያዋን ቀዳዳ በላሜራ ደፈንን፤ ለጉሙ ብለን ቢጫ መብራት ገጠምንላት። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ሠራንላት፣ ሚስቶቻችን እየተያዩ እንዲያሙን። አንድ ፋሲካ ሳነቴን ተሻግረን ቆላው ደሎ መና ልንወርድ ነበር። እኅተማርያም፣ ካፖርቴን አውልቄ የምቀመጥበትን አገር እስካላሳያችሁኝ አላምናችሁም እያለች ስታሾፍብን ነበር።

ከዚያ ቀኑ ከፋ። የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ለዘመቻ ስጥ ሲባል አየን። ያን ጊዜ ማን ነው ጤነኛን እንደ በሽተኛ እናስተኛት ያለው? አንተ ነህ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። ሰው የታመመች መኪናውን ይደብቃል፣ እኛ የዳነችውን ደበቅን። ቸርኬዎቿን አውልቀን ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀበርናቸው፤ እሷን ድንጋይ ላይ አቆምናት፤ ኮፈኗ ላይ የዶሮ ኩስ እንዲታይ ተውነው። ሮተሯን፣ ያቺን ለካንዴላዎቹ እሳት የምታድለውን ትንሽ ነገር፣ በጨርቅ ጠቅልለን ወለተኢየሱስ በር ላይ ከሰቀለችው የበርበሬ ቅል ውስጥ ጨመርናት። ሞተሯ እንዳይደርቅ የምናስነሳትም ዘይነዲን ጎረቤታችን ወፍጮውን ሲያስነሳ ብቻ ነበር። ወፍጮው ሲያጓራ የእሷ ድምፅ አይሰማም። ዘይነዲን ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፤ እህል በሌለበት ቀን ሳይቀር ወፍጮውን ያስነሳልን ነበር። አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀንም።

የቀበሌው ሊቀመንበር በግቢዬ ባለፈ ቁጥር፣ ጓድ መምህር ይሄን ቆርቆሮ ለምን አትጥለውም ይለኛል። ሥራ ፈት ነኝ፣ ምን ላድርግ እለዋለሁ። የቸርኬዎቹንና የሮተሯን ቦታ የምናውቀው እኔ፣ ወለተኢየሱስና አንተ ነበርን። ደምመላሽ እንኳ ያንን አያውቅም፤ ልጅ ነው፣ ያወራል ብለህ የከለከልከው አንተ ነህ።

መኪናዋን ሊወስዱ የመጡት ባለፈው ኅዳር ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ ተጠርቼ ስሮጥ ደረስኩ። ሲመጡ ገመድ አልያዙም፣ አበልጄ። የሞተች መኪና ሊወስድ የመጣ ሰው መጎተቻ ይይዛል። እነሱ ሾፌርና በጀሪካን ቤንዚን ይዘው ነው የመጡት። ኮፈኗን ከፍቶ ያየ ሰው የለም፣ ትሠራለች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። በቀጥታ ጎተራው ጋ ሄደው ገብሱን ይዝቁት ጀመር። ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ ደጃፌ ላይ ቅሉን አየና እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ሮተሯን አወጣ። በዚያው እጁ ዓይኑን አሻሸና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሲጮህ ወለተኢየሱስ ውሃ እንኳ አላቀበለችውም። በዚህ ነገር እስካሁን ያገኘሁት ፍርድ ያ ብቻ ነው።

ሾፌሩ ገና ሲነካት ተነሳች። ወፍጮ ሳይሸፍናት፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማት። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ እየተቆረጠ ኮራሁባት። ሊቀመንበሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ግን እሱን አላየሁም፤ ከገብሱ የወጡትን ቸርኬዎች ነበር የማየው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስሰማ የኖርኩት የሌላ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

እንደዚያም ሆኖ ለብዙ ጊዜ ስላንተ ማሰብ እምቢ አልኩ። ወለተኢየሱስ ስምህን ስትጠራ ተቆጣኋት። ልጅን ከካህን እጅ የተቀበሉለት ሰው አያደርገውም፣ አበልጅ ከሥጋ ወንድም ይበልጣል አልኳት። ለጥምቀት ጎባ መጣሁ፣ ልጠይቅህ ሳይሆን ሳላምንብህ ላቅፍህ። አየኸኝ። ከታቦቱ ኋላ እየሄድክ አየኸኝና ሰው መሀል ገብተህ ጠፋህ። ቤትህ ስደርስ ደጁ ተቆልፏል። ያን ጊዜ አወቅሁ።

ምክንያቱን የሰማሁት ከዘይነዲን ነው። የእህቱን ልጅ አብዶን ለውትድርና ሸኝቶ ከጎባ ሲመለስ ቤቴ ጎራ አለ። ኦቦ መሸሻ፣ መጀመሪያ የምልምሎቹ ስም ሲነበብ የክርስትና ልጅህ ከአብዶ ቀጥሎ ተጠርቶ ነበር፣ እንደገና ሲነበብ ግን የለም አለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ረቢቱ ቤካ፣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ የምልመላው ሹም አንዲት ቢጫ መብራት ያላት ላንድሮቨር አግኝቷል፣ ሚስቱን ይዞባት ሶፍ ዑመር ዋሻ ሄደ ይላሉ አለኝ። ዓይኔን ሳያየኝ ነው የነገረኝ። የእሱ አብዶ ሄዷል፣ እሱ ለኔ ያፍርልኛል።

እና ከዳኸኝ። ሌላ ስም አላወጣለትም።

መኪናዋን ስለወሰድክብኝ እንዳይመስልህ። ብረት ናት። አንድ ቀን መጥተህ፣ አበልጄ፣ ልጃችንን ሊወስዱብን ነው፣ ሹሙ መኪናዋን ካገኘ ይተወዋል ብትለኝ ምን የምልህ መሰለህ? ቸርኬዎቹን ራሴ ነበር የምገጥመው። ራሴ ነድቼ፣ አጥቤ፣ ጎባ ደጁ ላይ አቆምለት ነበር። ሳትጠይቀኝ ቀረህ። እምቢ ይለኛል አልክ። መሸሻ ልጅ የለው፣ መኪናዋን ከደምመላሽ አስበልጦ ይወዳል አልክ። ስንት ቅዳሜ መኪናዋ ሥር ከጎኔ በጀርባህ ተኝተህ፣ ስንት ጊዜ ከአንድ ትሪ በልተህ፣ በመጨረሻ ያወቅኸኝ ይህን ያህል ነው። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ሒሳብ እየጻፍኩ ትዝ ይለኝና ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል።

ሹሙ መዛወሩን ሰምቻለሁ። መኪናዋን ይዞ ሄደ፣ የሰጠህን ቃል ጥሎ ሄደ። አዲሱ ሰው ደግሞ ዝርዝሩን እንደገና ከላይ ጀመረው። ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ፤ ደስ ሊለኝ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከዚህ በታች ያለውን ለእኅተማርያም አንብብላት።

እኅቴ፣ ቤታችሁ መፈተሹን ሰምቻለሁ። አልጋው ተገልብጦ፣ የዱቄቱ ዕቃ ሳይቀር ተደፍቶ ማየትሽን፣ ባልሽንም ወስደው አሳድረው መልቀቃቸውን ሰምቻለሁ። ከማን ሰማህ አትበዪኝ። ዘመድ ቤት ሁሉ እየዞራችሁ የጠፋባችሁን ስትጠይቁ እኔ ቤት ብቻ አልመጣችሁም። አልፈርድም፤ ባልሽ በየትኛው ዓይኑ ይመጣል። አሁንም አትምጡ። ናፍቆት ቢያቃጥልሽም አትምጪ፤ የሰው ዓይን አይቶ ዝም አይልም። ጥሬም ሆነ ልብስ በረቢያ እንዳትልኪ።

ባለፈው ገበያ ከጨው አህዮቹ ጋር ተቀላቅሎ አንድ እንግዳ መጣብን። ከጎባ እስከዚህ በእግሩ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ድሮ ጉልበቴ ላይ የማስቀምጠው እንግዳ አሁን ጎንበስ ካላለ ደጃፌን አያልፍም። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዶ ነበር፣ ወለተኢየሱስ ጠቅማለታለች። ይበላል። እንዲያውም ወለተኢየሱስ ትልቁን ድስት ከጓዳ አውጥታለች፤ ሳይጠግብ ጠገብኩ ካለ ትቆጣዋለች። ዘይነዲንም ወፍጮ ቤቱ ኋላ ሰው የማይገባበት ጆንያ ማስቀመጫ አለኝ ብሎናል፤ አብዶን ከሸኘ ወዲህ ሌላ ልጅ መሸኘት እንደማይፈልግ ነገረኝ። ስለዚህ እኅቴ፣ ዛሬ ተኚ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፤ ይህን ለብቻህ አንብበው።

እንግዳው ግቢ እንደገባ መጀመሪያ ያየው መኪናዋ የቆመችበትን ነው። ጋሼ፣ የት ሄደች አለኝ። አያውቅም። ፊቱን አጥብቄ አየሁት፣ ምንም አያውቅም። ያን ጊዜ ስሙ ከዝርዝሩ የቀረው እናቱ ስለተሳለች ይመስለዋል። አባቴ በእኔ ምክንያት ታሰረ፣ ስንቱን ቻለልኝ እያለ ስላንተ ሲናገር ዓይኑ እንባ ሞላ።

ነገሩ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ አበልጄ። ያን ሁሉ ወር ያቃጠለኝን ለማን ልንገር ስል ኖሬ፣ የሚሰማኝ ሰው በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።

ሸጥኳት አልኩት። ሰለቸችኝ፣ ለቆርቆሮ ሰብሳቢ ሸጥኳት አልኩት።

ክፉኛ ተቀየመኝ። እኔና አባቴ ያን ያህል ለፍተንባት እንዴት አንድ ቃል ሳትጠይቀን ብሎ አኮረፈኝ። እስከ ዛሬ ከወለተኢየሱስ ጋር ይስቃል፣ ከኔ ጋር ግን ለመልስ ያህል ብቻ ነው የሚያወራው። ይሁን፣ ችየዋለሁ። እግዚአብሔር ብሎ ስትገናኙ፣ ያ ሰው መኪናችንን ሸጦ ከዳን ብሎ ሊያማኝ ይችላል። ዝም ብለህ ስማው። ራስህን ነቅንቅለት፣ እኔንም እማኝ። እውነቱን ልንገረው ብለህ ጀግና ለመሆን እንዳትሞክር፤ ልጁ የሚኮራበት አባት ያስፈልገዋል፣ እኔን መቀየም ግን አይጎዳውም።

እግዚአብሔር ቤታችሁን ከዳግም ፍተሻ ይሰውር። ለእኅተማርያም እንቅልፍ ይስጣት፣ ለጉልበትህም ምሕረት። አንተን ይቅር ይበልህ፤ እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም።

የልጅህ የክርስትና አባት