የባነሩ ሳር

ሰኞ

አስራ አምስት። እትዬ ወለላ ዛሬ ቁጥሩን በግልጽ ነገሩኝ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ አስራ አምስት አዲስ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ካልተመዘገበ ፎቁን ለፕላስቲክ ዕቃ ጅምላ ሻጩ ያከራዩታል። ትምህርት ቤቱ መጋዘን ይሆናል ማለት ነው። ሕንፃው የሳቸው፣ ትምህርት ቤቱም የሳቸው፤ ምን እላለሁ? አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ አስተምሬ፣ አሁን ምክትል ርዕሰ መምህር ተብዬ በምቀመጥበት ቢሮ ውስጥ ባልዲና ጆግ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ታየኝ።

እስካሁን የተመዘገቡት ሦስት ናቸው። አንዷ የጥበቃችን የልጅ ልጅ ናት።

ከጀርባችን ያለው ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ልጆቹ ከነወላጆቻቸው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። የቀረን ተስፋ መርካቶ የሚነግዱ ወላጆች ናቸው፤ ጠዋት ሱቅ ሲመጡ ልጃቸውን ይዘው ቢመጡልን። እነሱ ደግሞ መኖራችንን አያውቁም። ከአንዋር መስጊድ አለፍ ብሎ፣ ከሥሩ የብርድ ልብስ መደብር ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትምህርት ቤት አለ ብሎ ማን ያስባል?

እትዬ "ልጆቹን ፎቶ አስነሺና ትልቅ ባነር እንስቀል" አሉኝ። "ፎቶ አንሺውን አንቺ ምረጪ፤ ሥዕል አስተምረሽ የለ?" ሥዕል ያስተማርኩት ለአንድ ሴሚስተር ነው፣ ያውም መምህሯ ወልዳ።

ማክሰኞ

ጋሼ ታደለን ጠራኋቸው። ፎቶ ቤታቸው ከኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ነው የሚያነሱት፤ የሰርጌንም ፎቶ ያነሱት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሌላ ሰው መጥራት አይታሰብም፣ በየቀኑ በደጃቸው ነው የማልፈው።

የክረምት ትምህርት የሚማሩ ዘጠኝ ልጆች አሉን። ዩኒፎርም አልብሰን ደረጃው ላይ ደረደርናቸው። ጋሼ ታደለ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድም ፎቶ ሳያነሱ ከልጆቹ ጋር ሲጫወቱ ቆዩ። ደስ አለኝ። ከዚያ ካሜራውን አንስተው "ቀጥ!" አሉ። ዘጠኙም ፓስፖርት ሊያወጡ የመጡ መሰሉ።

አንዷ ፎቶ ብቻ ተሳክታለች። ልጆቹ አለቀ ብለው ሲበታተኑ ያነሷት ናት። ከልጆቹ አንዷ፣ ሐያት፣ ተንበርክካ የጓደኛዋን የጫማ ክር ታስራለች፤ ምላሷን ወጣ አድርጋ፣ ከልቧ። ዓይኔን ከዚያ ፎቶ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ግን ከኋላዋ ግድግዳው ተልጧል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ ይወርዳል።

"ሽቦውን ማጥፋት አይቻልም ጋሼ?" አልኳቸው።

"አለ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

አለ።

"ትንሽ ጨለመ መሰለኝ።"

"ክረምት ነዋ ልጄ።"

እደውላለሁ አልኳቸው። እኔ እደውላለሁ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ራሴ አውቃለሁ።

ረቡዕ

ሁለተኛው ፎቶ አንሺ ናቲ ይባላል። የሰርግ ስቱዲዮ አለው። የእትዬ የልጅ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመረቅ ጋዋን ከነቆቡ አልብሶ ያነሳት እሱ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራውን አሳየን። ልጅ ሁሉ ፏፏቴ ሥር ቆሟል። ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉንጭ አለው።

ዘጠኙን ልጆች በአስር ደቂቃ ጨረሳቸው። ከዚያ "ግቢው የት ነው?" አለኝ። ግቢ የለንም። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚሮጡት ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ከቢሮዬ በር እስከ ሽንት ቤቱ።

"ኧረ ቲቸር አታስቢ! ሳር አስገባላቸዋለሁ" አለ፤ ወጥ ላይ ጨው እጨምራለሁ እንደሚል ሰው።

ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ላከልን። ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ፣ ክረምት አይቶት የማያውቅ ሰማይ። ልጆቻችን መሃሉ ላይ ይስቃሉ። የሐያት ጉንጭ የሐያት አይደለም። እትዬ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

"ምነው እኔም እዚህ በተማርኩ" አሉ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የኛ አይደለም።"

"የኛ ምን አለን ሰናይት? ማስታወቂያ ነው። ሁሉም የሚያደርገው ነው።"

ሐሙስ

ኋላ እትዬ አስገደዱኝ ብዬ እንዳላመካኝ እዚህ ልጻፈው። ምርጫው የኔ ነበር። "ያልሽው ይሁን" ብለው ትተውልኝ ሄዱ። ሁለቱን ፎቶዎች እያገላበጥኩ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ያቺን የጫማ ክር የምታስር ልጅ አይቶ ልጁን የሚልክ ወላጅ ይኖራል? ሊኖር ይችላል። አንድ፣ ሁለት። እኔ ግን የምፈልገው አስራ ሁለት ነው። የአስር መምህራን እንጀራ ነው፣ የኔን ጨምሮ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

ናቲ ይሁን አልኩ። ማተሚያ ቤት ሄጄ አዘዝኩ።

ለጋሼ ታደለ አልደወልኩም። ይሉኝታ ይዞኝ በደጃቸው ማለፍም አልቻልኩ፤ በጭቃው በኩል ዞሬ ታክሲ ያዝኩ። ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ ቤት ገባ።

ዓርብ

ባነሩ ጠዋት ተሰቀለ። ከሁለተኛ ፎቅ እስከ ሦስተኛ ይደርሳል። የጁምዓ ሰጋጅ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ሲበተን ሰው ሁሉ ቀና እያለ ያይ ነበር። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስልኩ አላረፈም። አራት ሰው ተመዘገበ። በስልክ! ሳያዩ! የልደት ምስክር ወረቀቱን በቴሌግራም እየላኩ። ማን ጊዜ አለው፣ የመርካቶ ሰው ሱቁን ትቶ ደረጃ አይወጣም።

ጋሼ ታደለን ከመስኮቱ አየኋቸው። ጥላቸውን ይዘው ባነሩ ሥር ቆመዋል። ብዙ ቆዩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

አስራ አንድ ሆንን! ሦስቱ የድሮዎቹ፣ ስምንቱ በባነሩ የመጡ። ፕላስቲክ ሻጩ ፎቁን የሚለካ ሰው ልኮ ነበር፣ እትዬ "ቆይ እስቲ" ብለው መለሱት። መምህራን ክፍል ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። አልማዝ፣ የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት፣ አቅፋ ሳመችኝ። "አተረፍሽን" አለችኝ።

ስለ ሳሩ ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ሰኞ

ሽኩር ይባላል፤ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል። ዓርብ በስልክ ከተመዘገቡት የመጀመሪያው እሱ ነው። "በዚህ ሳልፍ ቦታውን ልየው ብዬ ነው" ብሎ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ክፍሎቹን አየ። ኮሪደሩን ጫፍ ድረስ ሄደ። የኋላውን መስኮት ከፍቶ የቆርቆሮውን ጣሪያ አየና ዞሮ "ሜዳው በየት በኩል ነው?" አለኝ።

የለም አልኩት። ኮምፒውተር የሠራው ነው አልኩት።

"ፎቶውን ያስነሱት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

አልጮኸም። ቢጮህ መልስ አላጣም ነበር። "ቲቸር፣ እኔ ለክፍለ ሀገር ደንበኛ ናሙና አሳያለሁ፤ ከዚያ በስልክ ያዘኛል። ናሙናው ሌላ፣ የላክሁት ሌላ ቢሆን በማግስቱ ሸማ ተራ ሱቅ የምከፍት ይመስልዎታል?" አለ። ቀጠለና፣ "እኔም ሞኝ ነኝ፤ መርካቶ መሃል ሳር ከየት ይመጣል? ሳር ባይኖራችሁ ግድ አልነበረኝም። ግን ነገ ልጄ ወድቆ ደህና ነው ብላችሁ ብትደውሉልኝ፣ እንዴት ብዬ አምናችኋለሁ?"

የልጁን ስም አሰረዘ። ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው።

በአስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማክሰኞ

ባነሩን ጠዋት በጥበቃው አስወረድኩት። ከዚያ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ሦስተኛው ሳቀ። "ይገባኛል ቲቸር፣ ሁሉም ያው ነው" ሲለኝ ደስ ሊለኝ ነበር፤ "ለማንኛውም ሰርዢኝ" አለ።

አራተኛዋን እያነጋገርኩ እትዬ ገቡ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ሲገባቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሴትየዋ ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ ብላ መረቀችኝና እሷም ተሰረዘች።

"ብታማክሪኝ ምን ነበረበት?" አሉ እትዬ።

"አይሆንም ይሉኝ ነበር።"

"አዎ" አሉ። ተነስተው ግን አልሄዱም። አምስተኛውና ስድስተኛው ከቤተሰብ ጋር እንማከር ብለው ዘጉ፤ እንደማይመለሱ ገብቶኝ ስማቸውን ሰረዝኩ።

ሰባተኛውን ስልክ ልጅ አነሳችው።

"አሎ፣ ማን ልበል?"

"ከትምህርት ቤት ነው። እማዬ አለች?"

"ደንበኛ ይዛለች። የሳሩ ቲቸር ነሽ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ሳሩ ላይ ጫማ ማውለቅ ይቻላል?"

እትዬ ድምፁ ይሰማቸዋል፤ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አፌን ከፍቼ ነበር፣ በእውነት ከፍቼ ነበር። እናትየዋ ስልኩን ተቀበለቻት። "አቤት ቲቸር! ይቺ ልጅ ከዓርብ ጀምሮ መቀመጫ አሳጣችኝ እኮ። ምነው፣ ችግር አለ?"

"ኧረ የለም" አልኳት። "ስለ ዩኒፎርሙ ልነግርሽ ነው።" የዩኒፎርሙን ቀለም ነግሬያት ዘጋሁት።

አሁን መዝገቡ ላይ አራት ልጆች ቀርተዋል። ሦስቱ ሳር እንደሌለን ያውቃሉ። አራተኛዋን ሁለት ጊዜ ዋሸኋት፤ አንዴ በባነር፣ አንዴ በራሴ አፍ። በአራት ልጅ ትምህርት ቤት እንደማይከፈት እያወቅሁ።

ነገ እናትየዋ ሱቅ ስትከፍት በእግሬ እሄዳለሁ፤ በስልክ ዳግም አልችልም። ልጅቷ አጠገቧ ትኖራለች። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።