የሻምበል ሆድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ማታ 1፡30

ዛሬም አልበላም። ጠዋት ያስቀመጥኩለት ጎመን እንዳለ ጠውልጎ ጠበቀኝ። ካሮት ሰጠሁት፣ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሻምበል ካሮት ሲመልስ አይቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የተመራቂ ተማሪ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሳደርግ ውያለሁ። ማሽኑ ወረቀት እየነከሰ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን አልፎ አናቴ ላይ እየወረደ። ይህን ሁሉ ችዬ ቤት ስገባ ደግሞ የሚያኮርፈኝ ጥንቸል!

እማማ አስካለ ጠግቦ ነው ይላሉ። (አማቴ ናቸው፣ የባሌ የግርማ እናት፤ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው።) ምናልባት እውነታቸውን ነው። ዓርብ ለግንቦት ልደታ ደጅ ተሰብስበን ንፍሮ ስንበላ ጎረቤቱ ሁሉ ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ እያለ አጉርሶታል። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ዳቦ። አንዱ ቢራ ሊያቀምሰው ሲል ነው የጮህኩት። እኛ የወደድነውን ካላጎረስን የወደድነው አይመስለንም።

ግርማ ደወለ። ከጂቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ተነስቷል፣ ጋላፊ ገና አልደረሰም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሻምበል። ደህና ነው አልኩ። ምን ላድርግ፣ እማማ ፊት ለፊቴ ቆመው በዓይናቸው አዘዙኝ። መሪ ለያዘ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ የእሳቸው ሕግ ነው። ሟቹ ባላቸውም ሾፌር ነበሩ። እናቱ ቢታመሙ እንኳ የሚነገረው ተመልሶ እግሩን ታጥቦ ከበላ በኋላ ነው።

አየሽ ደብተሬ፣ ጥንቸሉን ከዓለም ጤና ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣው እሱ። ስም ያወጣው እሱ። የሚጠርገው፣ የሚያበላው፣ አሁን ደግሞ የሚያስታምመውና የሚዋሸው እኔ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሱቅ ዘጋሁ። በዚህ ሰሞን! ጠዋት ሻምበል ከጥጉ አልነሳም አለ። ጥርሱን ያፋጫል። ወለሉ ላይ አንዲት በጠጥ የለችም። በየቀኑ እየረገምኩ የምጠርጋትን ዛሬ ተንበርክኬ ከሶፋ ሥር ፈለግኳት።

ከድር በባጃጁ ወሰደን። ጎረቤታችን ነው፣ ከግርማ ጋር አብረው ነው ያደጉት። እንደ ልማዱ ሻምበል ፈያዳ? ደህና ነው? ብሎ ጠየቀና ካርቶኑ ውስጥ ሲያይ ፈጥኖ ሞተሩን አስነሳ። መንገድ ላይ ቀስ ብሎ፣ በእኛ ይበላል እኮ፣ ሳይሞት ቢታረድ ይሻላል አለኝ። ለበጎ ነው ያለው። ፊቴን በመስታወቱ ሲያይ ግን አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እያለ እስክንደርስ አላቋረጠም።

እንስሳት ክሊኒክ። ከፊቴ አንድ ሰውዬ ሙሉ በሬ ይዞ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ፍየል ይዛ፣ እኔ የዘይት ካርቶን ታቅፌ። ሰዉ ካርቶኑን አጮልቆ እያየ ይስቃል። ዶ/ር ለሚ አልሳቀም። ሆዱን ቀስ ብሎ ዳበሰና አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ጠጣር ነገር አለ አለ። ምን እንደዋጠ ጠየቀኝ። ምን አውቄ!

አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት አለ። ግን መንገዱ ከነጭራሹ ተዘግቶ ከሆነ ውስጡን ሊያፈነዳው ይችላል። ቀዶ ሕክምናም አለ፣ እዚህ አይደለም፣ ቢሾፍቱ። ግን ጥንቸል ማደንዘዣ ላይ ደካማ ነው፤ ተኝቶ የማይነቃ አለ። እሱ ራሱ ጥንቸል ቀዶ አያውቅም፣ አልደበቀኝም። ዝም ብንለውስ? ይሞታል። እሺ የቱ ይሻላል ስለው፣ የሚወስነው ባለቤቱ ነው አለኝ።

ባለቤቱ! ባለቤቱ እኮ ጋላፊ ኬላ ላይ ተሰልፏል።

ከቆዳው ሥር ውሃ ሰጠው፣ ማስታገሻ ወጋው። አስቢበት፣ ግን ብዙ አታስቢ አለኝ።

በዚያው ቀን። ማታ 12፡40

ተገኘ። ከልደታ ጀምሮ ደጅ ተነጥፎ የቀረውን የፕላስቲክ ቄጠማ ምንጣፍ ላነሳ ስል አንዱ ጥግ ተላጭቷል። በጥርስ። እርጥብ ቄጠማ ከመግዛት ተገላገልን፣ አይደርቅም፣ አይጠረግም ብለን ነበር የተደሰትንበት። እንኳን ጥንቸል፣ እኔንም ከሩቅ ያታልለኛል።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ምንጣፉን ከሎግያ ገዝቶ ያመጣው ግርማ ነው። ለእናቱ ስጦታ። እማማ ለሰፈሩ ሁሉ አሳይተውታል። የተላጨውን ጥግ ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙና፣ ይህችን ደግሞ በጭራሽ እንዳትነግሪው አሉኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሱቅ

ምክር ሰለቸኝ። ዘይት አጠጪው። አረቄ ጠብ አድርጊለት። ሎሚ በጨው። አንዱ ተማሪ ስልኩ ላይ አንብቦ የአናናስ ጭማቂ አለኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብሎ የቀለደም አለ፤ ኮፒውን በትኜለት ወጣ። ለጥንቸል ይሄ ሁሉ፣ ልጅ ብት... የሚሉም አሉ። ይህችን ነገር እስከ መጨረሻዋ የጨረሰ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም መሃል ላይ ትዝ ይለውና ስለ ሙቀቱ ማውራት ይጀምራል።

ግርማ ደወለ። በላ? በላ፣ ጎመኑን ጨረሰ አልኩ። ጎበዝ አለ። ሌላ ጊዜ እንደ መርማሪ ነው የሚጠይቀኝ፤ ዛሬ መንገዱ ደህና ነው ብሎ ዘጋ።

እውነቱን ልንገርሽ? እኔና ግርማ ያለ ሻምበል ወሬ የለንም። ሆስፒታሉም፣ ጠበሉም ሳይሆንልን ከቀረ በኋላ ያንን ጉዳይ ማንም አያነሳውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልካችን፣ ደረስክ? ደረስኩ። በላህ? በላሁ። ቻው፣ ነበር። ሻምበል ሲመጣ ስልኩ ረዘመ። ሻምበል የቻርጀር ገመድ ቆረጠ። ሻምበል እማማን አባረረ። ግርማ በሳቅ ሲፈርስ የሰማሁት በዚህ ጥንቸል ነው። ከሞተ ምን ብዬ ነው የማወራው? የፈራሁት ይሄንን ነው። ለጥንቸል አላለቅስም ልል ነበር፤ ለጥንቸሉም አለቀስኩ።

ማታ 1 ሰዓት

ጉድ ስሚ። ከድር መጣ። የወንድሙን መኪና ለምኗል፣ ነገ በጠዋት ቢሾፍቱ ላድርስሽ አለ። ማን ነገረህ፣ እኔ ገና አልወሰንኩም አልኩት። ግርማ ነው የላከኝ አለ። አለና አፉን ያዘ።

ከትናንት ጀምሮ ያውቃል! እኔ ክሊኒክ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ከድር ደጅ ሆኖ ደውሎለታል። ስለ ፕላስቲክ ሣሩ ብቻ አልሰማም። እንግዲህ ጎመኑን ጨረሰ ስለው ጎበዝ ያለኝ እያወቀ ነው። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። አንቺ እንዳትጨነቂ ብሎ እኮ ነው አለኝ ከድር። እኔ እሱ እንዳይጨነቅ፣ እሱ እኔ እንዳልጨነቅ። መሃል ላይ ሻምበል ብቻውን ጥርሱን ያፋጫል።

ሰሃን ሰበርኩ። አሮጌውን መርጬ ነው። እማማ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

አልደወልኩለትም። ይደውል። ቢደውልም አላነሳም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ቢሾፍቱ፣ ከረፋዱ 5፡15

እማማ ካልሄድኩ አሉ። ጥንቸሉ ከመጣ ጀምሮ ርኩስ ነው፣ ልብሴን እንዳይነካ ሲሉ የኖሩ ሴትዮ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፀሐዩ እንዳይመታው በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። መንገዱን ሁሉ ጸሎት። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን። ራጅ አነሳችው። ጨጓራው መውጫ ላይ የተጠቀለለ ነገር ተሰንቅሯል፣ ከኋላው ሆዱ በአየር ተነፍቷል። መድኃኒቱ ቀርቷል፣ ይገድለዋል አለች። ወይ አሁኑኑ ቀዶ ነው፣ ወይ ሳይሰቃይ በመርፌ ማሳረፍ። ቀዶው ላይ ሊሞት ይችላል። ቢነቃም ቀጣዮቹ ቀናት አስጊ ናቸው። ቃል አልገባልሽም አለች። እማማን አየኋቸው፤ ጣሪያውን ያያሉ።

ወጥቼ ደወልኩ። የት ነህ? ገዋኔን አልፏል። ዳር አስይዝና አቁም አልኩት። ምነው አለ። አቁም! እማማ ተከትለውኝ ወጥተው ክንዴን ያዙ። ይቅርታ እማማ ብዬ አስለቀቅኩ። የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ ሰማሁ።

ነገርኩት። በሽታውን፣ ራጁን፣ ሁለቱን ምርጫ። ሣሩንም። እኔ ነኛ የገደልኩት አለ። ገና አልሞተም! ብዬ ጮህኩበት፤ በረንዳው ላይ ያለ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ትናንት ያሾፍክብኝንም፣ ጎበዝ ያልከኝንም አልተውኩም፣ ሁሉንም አወጣሁት። አላሾፍኩም አለ። ጎመኑን ጨረሰ ስትይኝ ከድርን ትቼ አንቺን ላምን ፈልጌ ነው አለ።

ከዚያ ምን እናድርግ አለኝ። ቀዶ ይደረግለት፣ ወስኛለሁ፣ እየነገርኩህ ነው እንጂ እየጠየቅኩህ አይደለም አልኩ። ቢሞትስ? ቢሞት አብረን እንሰማለን። እሺ አለ። ገብቼ ለሐኪሟ ነገርኳት። ሻምበልን ከእማማ ጭን ላይ አንስታ ይዛው ገባች። ጆሮው ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከቀኑ 7 ሰዓት

እጄ ሥራ ስለፈለገ ነው የምጽፈው። ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ግርማ አልዘጋም። ሰዓቱ ይሄዳል፣ የሚያራግፉት ይጠብቁሃል ስለው፣ ማዳበሪያ አይሸትም፣ ይቆይ አለ። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ይነፋበታል፤ ተበላሸብህ ወይ እያሉ የሚቆሙም አሉ። አልተበላሸም፣ ሚስቴን እያወራሁ ነው ሲላቸው ሰማሁ።

ስለ ሻምበል አይደለም ያወራነው። ስለ ሆስፒታሉ ነው። እሱ ነው ያነሳው። የመጨረሻው ቀን ውጤት ሲነገረኝ ያልገባው፣ መኪና እጠብቃለሁ ብሎ ውጭ የቀረው፣ ፈርቶ እንደነበረ ነገረኝ። አውቅ ነበር አልኩት። ታውቂ ነበር? አዎ። እና ለምን ዝም አልሽ? አንተስ? ተናደድኩበት፣ ተናደደብኝ። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፤ እማማ ተነስተው ከጸሐፊዋ ቻርጀር ለምነው አመጡልኝ። ራሳቸው።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ናት። ማስኳን ገና አላወረደችም፣ ፊቷ አይነበብም። ወደኔ እየመጣች ነው።

ወጣች አልኩት። መኪናው እንደቆመ ነው?

እንደቆመ ነው፣ ንገሪኝ አለ።