ሁዘይፋን የዋጠው

…ልጆች ሳለን ሁዘይፋ ከቀዬአችን ገደል አፋፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ በጣቱ እየጠቆመ ከላይ ወደ ታች ይቆጥር ነበር፤ መጀመሪያ ዋልካው አፈር፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ ከዚያ አመድ የመሰለው፣ ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ። ከጥቁሩ በታችስ ምን አለ ብዬ ስጠይቀው የመለሰልኝ ግን ጠፋኝ። ከትናንት ጀምሮ መልሱን ላስታውስ እሞክራለሁ። አንቺ አብረሽን ነበርሽ እንዴ፣ እታለም?

ይቅር በይኝ፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁ። እታለም ሀሰና፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። እንዴት ከርመሻል? ከነባለቤትሽ፣ ከነልጆችሽ፣ ከነጎረቤቱ እንዴት ናችሁ? ወገብሽን ተሻለሽ? የእምዬ ጉልበትስ? ክረምቱ በጊዜው ወጣላችሁ? ማሽላው እንዴት ሆነ? ስለ እኔ ከጠየቅሽ ሰውነቴ ደህና ነው። ከሰውነቴ ያለፈውን አትጠይቂኝ።

ይህን ወረቀት ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እምዬ አጠገብሽ ካለች አሁን አጥፈሽ በጉያሽ ያዥውና ውጪ።

ወንድማችን ሁዘይፋ በሐምሌ ሞቷል። መካ ውስጥ ለሕንፃ ብለው የሚቆርጡት ተራራ አለ፤ እሱ ሥር በቀን ሥራ ሲቆፍር ቋጥኙ ተናደበት። እዚያው መካ፣ መንሱር በሚባለው ሰፈር አብሮት ያድር የነበረው ፉኣድ ነው የደወለልኝ። በዚያው ቀን አጥበው፣ ሰግደውበት ቀበሩት። እኔ ያን ቀን ምንጣፍ እያጠብኩ ነበር።

አራት ወር ዋሸኋችሁ። ጂዛን ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም አልኩ። እምዬ ድምፁን ካልሰማሁ ስትል፣ ድሮ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ደግሜ ደጋግሜ ላክሁላት። ባለፈው፣ ልጄን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚያስለው አለችኝ። ከዚያ ስለ ዶሮዎቹ አወራችኝ።

አሁን ስላበላሸሁት ነገር ልንገርሽ። እዚህ ጂዳ ቤቷን የምሠራላት ማዳሜ ከሱፍ ክር የምትሠራው ነገር አለ። ተራራ ሲቆረጥ የሚታየውን ድርብርብ አፈርና ድንጋይ በክር ታወጣዋለች። ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፤ ቀለም በቀለም ላይ ብቻ። ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ሰው ቆሞ ያየዋል። መጀመሪያ ሳየው በሆዴ ስቄያለሁ። በኋላ ግን ወፍራም ገመድ እንደ ስፌት ሣር ይዤ፣ ክሩን በላዩ እየጠቀለልኩ፣ በወስፌ እየወጋሁ ስሠራላት ወደደችው፤ ከወጥ ቤት አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እኛ ዘንድ ስፌት ስሙን ከእናቶች ይዞ ይመጣል፤ የሰፋችው አታወጣለትም። ማዳም ግን ለእያንዳንዱ ስም ትፈልግለታለች፤ ከመሥራቱ ይልቅ ስሙ ነው የሚያለፋት። «ድርብርብ አንድ» ትላለች። «ድርብርብ ሁለት»። «ከዝናብ በፊት»። ከዚያ ትሰርዘዋለች።

መስከረም ላይ ዓዚዚያ በሚባለው ሰፈር ያላትን፣ ለሐጃጆች የሚከራይ ፎቅ ላጸዳ ይዛኝ መካ ሄደች። ለዙሁር ሰላት ስታስወጣኝ ፉኣድ መጥቶ ቦታው ድረስ ወሰደኝ። ተራራው እንደ ዳቦ ተቆርጦ ቆሟል። ቀዩ፣ አመድማው፣ ጥቁሩ። የእኛን ገደል መሰለኝ። ቆሜ እንደሱ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ከዚያ አፈርኩ፤ እጄን ዓባያዬ ውስጥ ደበቅሁ። ፉኣድ የሁዘይፋን ሽርጥ በፌስታል ሰጠኝ። ከልብሱ ሌላ የተረፈ የለም።

ጂዳ እንደተመለስን የራሴን ጀመርኩ። ማዳም ከተራረፈው ክር ፈቀደችልኝ። ሦስት ሳምንት ሠራሁ። መሃሉ ላይ ስደርስ ክሩ ሁሉ ውሸት ሆነብኝ። ሽርጡን አውጥቼ ተረተርኩት። አረንጓዴና ነጩ ክሩ ከጥቁሩ በላይ፣ አንድ ጣት የማይሞላ መስመር ሆኖ ገባ። ሥራው ያማረ መስሎኝ ነበር። እታለም፣ ምን እንዳደረግሁ አሁን ነው የገባኝ። እናንተ ጋ አስከሬኑ የለ፣ መቃብሩ የለ። እምዬ ስታለቅስ የምትጨብጠው ልብስ እንኳ አላስቀረሁላትም።

ማዳም አየችው። ይሄ ያንቺ ነው፣ ስሙንም አንቺ አውጪለት አለችኝ። ሳላስብ «ሁዘይፋን የዋጠው» አልኳት። ሁዘይፋ ማነው አለች። ከአፌ ወጣ፤ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ከሥራው ጎን በሚሰቀል ካርድ ላይ በዐረብኛ ጻፈችው፤ በናንተ ፊደልም ጻፊበት ብላ ካርዱን አቀበለችኝ። ጻፍኩ። ክፋት አልነበረባትም። እኔም ስሙን በእጄ ጽሕፈት ሳየው ደረቴ ትንሽ ለቀቀኝ።

ማክሰኞ ሥራዎቹ ለሕዝብ ታዩ፤ የእኔንም ፎቶ ከነካርዱ በገጿ ላይ ለጠፈችው። ትናንት አንድ የአገራችን ልጅ ወስዶ የቀዬአችን ሰዎች ባሉበት የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ አስገባውና፣ ይህ የእኛው ሁዘይፋ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ፉኣድ ወዲያው ደወለ። ነጂባ፣ አብደሻል ወይ፣ መርዶ በካርድ ይጻፋል ወይ፣ እኛ አራት ወር አፋችንን የሰፋነው ለማን ብለን ነው አለኝ። እንድታጠፋው ማዳምን ለመንኳት፤ ኻላስ፣ አጠፋሁት አለች። ከእሷ ገጽ ጠፋ። ከሌላው ማን ያጠፋዋል?

ደውዬ እንዳልነግርሽ ያላችሁ አንድ ስልክ እምዬ ጋ ነው፤ የሱን ድምፅ ስትጠብቅ ከአንገቷ አታወርደውም። አንዱ ደውሎ አላህ ያጥናሽ ቢላትስ? ብቻዋን፣ ማጀት ቆማ? ይህን ነው የምፈራው። ሞቱን አይደለም፤ ሞቱን ፈርቼ ጨርሻለሁ።

ስለዚህ ሪሐና ጋ መጣሁ። የወረ ኢሉዋ ሪሐና፣ ቀድሞ ከጎናችን ባለው ቤት ትሠራ የነበረችው፤ ዛሬ ጠቅልላ አገሯ ትገባለች። እዚሁ ጂዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ካለው ክፍሏ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ነገ ደሴ ትገባለች፤ ቅዳሜ እናንተ ጋ ትደርሳለች። ወረቀቱ እጅሽ እንደገባ መጀመሪያ ስልኩን ውሰጂባት፤ ልጆቹ ሰበሩት በያት፣ የፈለግሽውን በያት። ከዚያ አጎታችን ሼህ ኢብራሂም ጋ ሂጂ። ሽማግሌዎቹን ይዘው በማለዳ፣ እንደ ወጉ ይምጡ። አንቺ ከኋላዋ ሁኚ፤ ስትወድቅ ትያዣት ዘንድ። ስለ ሽርጡ አትንገሪያት። ወይም ንገሪያት። አላውቅም።

መርዶው ቀድሞ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ይህን ቅደጂው።

ታክሲው ቆሟል። ሪሐና፣ ያላ ነጂባ፣ ሻንጣዎቹን አውርጄ መጥቼ እወስደዋለሁ ብላ ወርዳለች። ለሼህ ኢብራሂም እጅ ነሥቻለሁ፤ ዱዓቸው አይለየኝ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ አሁን ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሁለት ጊዜ፣ መልኬን አታውቀውምና። ማዶ ላሉት፣ ለወፍጮ ቤቶቹም ሰላም በይ። ለእምዬ

ለእምዬ የምጽፈው ጠፋኝ።

እህትሽ ነጂባ
ጂዳ፣ ኑዝላ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከታች በሩ ተዘጋ፤ ሪሐና ልትወስደው እየወጣች ነው።