«አልፏል» በሚል ቃል ስለ መሞቴ የቀረበ ምስጋና

ቡታጅራ፣ መስከረም 24 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለዘማቾች ትምህርት መርጃ ክፍል ክቡር ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤትዎ ወንበር ይዘው ለሚገኙት ሁሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በመዝገብዎ እንደተጻፈው ከሐምሌ ሃያ ስድስት ቀን ጀምሮ ሞቻለሁ፤ ከዚህ በቀር አላህ ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ላኪው በሕይወት የለም ተብለው ስለተመለሱልኝ ነው። ግልባጩንም በበርበሬ መደብሬ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ፊደል የቆጠረ ያነበዋል፣ ያልቆጠረም እኔው አነብለታለሁ።

ምናልባት ከመዝገቡ ብዛት የተነሳ ካላስታወሱኝ፣ ስሜ ሸረፋ ጀማሉ ነው፤ ማዕረጌ አሥር አለቃ፣ አገሬ መስቃን። ኮንጎ ዘምቼ በ1955 ዓ.ም. በቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ጥይት ይዤ ተመለስኩ፤ ጥይቱ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፣ ክረምት ሲገባም ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። በተመለስን ሰሞን አንድ መኮንን በሰልፍ አቁመውን፣ ትምህርቱን የሚገፋ ዘማች ቢኖር እስከ ኮሌጅ ድረስ መንግሥት እንደሚረዳው የሚገልጽ ወረቀት አነበቡልን። ያን ጊዜ የእኔ አማርኛ የጦር ሰፈር አማርኛ ነበረ፤ ቁም፣ ሂድ፣ ተኛ፣ ተነሣ ከማለት ብዙ አያልፍም። ከተነበበው ሁሉ ኮሌጅ የምትለዋን ቃል ብቻ ያዝኩና ከጎኔ የቆመውን ወታደር ብጠይቀው የመኮንኖች ምግብ ቤት ናት አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱን የጀመርኩት በዚህ ተስፋ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ቀን በርበሬ እየሸጥኩ ማታ ማታ ተማርኩ፤ ከአራተኛ ክፍል ተነሥቼ አሥራ ሁለተኛ ደረስኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን የእኔን ደብተር ሲያርሙ ያነጥሱ ነበር። አብረውኝ የሚቀመጡት ልጆች «ጋሼ» እያሉ ያከብሩኛል፣ አክብረውም መልሴን ይገለብጣሉ። ለፈተና በደረስኩበት ዓመት ባለቤቴ አሚኔ መደብሩን ብቻዋን ይዛ፣ እኔን ከጆንያው ጀርባ አስቀምጣ፣ ደንበኛ ሲጠራኝ «ጥናት ላይ ነው» እያለች ትመልስልኝ ነበር። ምኞቴ መምህራን ከሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ገብቼ የአማርኛ አስተማሪ መሆን ነው። ኮሌጁ ተቀብሎኛል፤ ምዝገባው መስከረም ሠላሳ ይዘጋል። የቀረው የክፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ያም ለሕያዋን እንጂ ለሙታን እንደማይሰጥ ተነግሮኛል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ቋንቋ ትምህርት አመሰግናለሁ። ክፍልዎ የፈተናዬ ውጤት እስከ ሐምሌ ሠላሳ ካልደረሰው መዝገቤ እንደሚዘጋ ስላስታወቀ፣ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ ቃል ማባከን የማይወዱ ሰው ናቸውና፣ እንዲህ ሲሉ በቴሌግራም አስታወቁ፦ «አሥር አለቃ ሸረፋ ጀማሉ አልፏል። ገብረእግዚአብሔር።» ፈተናም ያልፋል፣ ክረምትም ያልፋል፣ ሰውም ያልፋል። የመዝገብ ቤትዎ ጸሐፊ አቶ ወልደማርያም ከነዚህ መካከል ለእኔ የሚስማማውን መርጠው፣ በዚያው ቀን «በሞት ምክንያት ተዘግቷል» ብለው ጻፉ። የእርዳታ ማመልከቻዬ ከጠረጴዛቸው ሳይነሣ ሁለት ዓመት መቀመጡን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅልጥፍና ያስደንቃል። ከቴሌግራሙ ግርጌ ገብረእግዚአብሔር የሚል ስም ሲያዩ የቀበሩኝ ቄስ መስለዋቸው እንደሆነ አላውቅም። ሸረፋ ጀማሉ የተባለውን ሰው ምን ሲሆን ቄስ ይቀብረዋል ብሎ የጠየቀ ግን በመሥሪያ ቤቱ አልተገኘም።

የእኛ አገር ሰው አማርኛ ይሰብራል እየተባለ ሲሣቅብን ኖረናል፤ እኔም በበኩሌ ብዙ ሰብሬአለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ መዝገበ ቃላት ተውሼ ገለጥኩ። አማርኛን እናቱ ካስተማረችው ሰው ይህን የመሰለ ስብራት ማየቴ ግን ልቤን አሳርፎታል፤ አስተማሪ ለመሆንም ድፍረት ሰጥቶኛል።

2ኛ. ስለ ኀዘን መግለጫው አመሰግናለሁ። ፖስታው «ለሟች አሥር አለቃ ሸረፋ ጀማሉ ቤተሰብ» የሚል አድራሻ ነበረበት። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ሀቢቡ ሕግ አክባሪ ነውና፣ ሟቹ እንጂ ቤተሰቡ አይደለህም ብሎ ከለከለኝ፤ አሚኔን ለማስጠራትም አድራሻውን በገበያ መካከል ጮክ ብሎ አነበበው። አሚኔ መጥታ ፈርማ ወስዳ፣ እኔም ቤት ገብቼ አንብቤ ሳልጨርስ ለቅሶው ደረሰ። የአሚኔ ወንድም ሸምሶ ከእንሴኖ በግ እየጎተተ መጣ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሱቃቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ከመንገድ ደረታቸውን እየደቁ ደረሱና በሩ ላይ እኔው ብቀበላቸው ደስ በመሰኘት ፈንታ ተቆጡኝ፤ የፈሰሰ እንባዬን ማን ይመልስልኛል፣ እንዲህ ያለ ቀልድ ከትልቅ ሰው አይጠበቅም ብለው ቀጡኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ባልሞትም እንኳ ለቀስተኛ ጾሙን አይመለስምና በጉ ታረደ፣ ቆጮው ቀረበ፤ ሟች ራሱ እጅ እያስታጠበ አስተናገደ።

መግለጫውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለአገሩ በታማኝነት ያገለገለ፣ ቁስሉን ችሎ በትምህርት የተጋ፣ ለወጣቶች አርአያ የሆነ ይላል። በሕይወቴ ከመንግሥት እንዲህ ያለ ቃል ደርሶኝ አያውቅም።

3ኛ. ስለ ማስረጃ ጥንቃቄዎ። ነሐሴ ሲገባ አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ ከአቶ ወልደማርያም ፊት ቆምኩ። እርሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው እግዜር ያጽናችሁ አሉኝ፤ ቀጥለውም የሟች ምኑ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ራሱ ነኝ ብላቸው በጥሞና ተመለከቱኝና፣ ይህን የሚያስረዳ ወረቀት ከአጥቢያ ዳኛህ አምጣ አሉኝ። ተመልሼ፣ በሦስት ምስክር አስመስክሬ፣ በሕይወት ያለ ሰው መሆኔን አጽፌ አመጣሁ። ወረቀቱ ነሐሴ ሃያ ቀን መኖሬን እንጂ ሐምሌ ሃያ ስድስት ቀን አለመሞቴን አያስረዳም ተባልኩ። በራሴ እጅ ጽፌ ባመለክትም ማመልከቻው «ሟች የጻፈው ጽሑፍ በማስረጃነት ሊያዝ አይችልም» የሚል የክቡርነትዎ ውሳኔ ተጽፎበት ተመለሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን አባባል ከዚህ ቀደም እሰማው ነበር፤ ሁለቱ ባንድ መሥሪያ ቤት ሲገናኙ ግን ያየሁት ገና ዘንድሮ ነው።

4ኛ. ይኸኛው ምስጋና የምር ነው፤ የከበደኝም እርሱ ነው።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሃሊማ ትባላለች፤ ስድስተኛ ክፍልን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታ ጨርሳለች። ጳጉሜን ሲገባ ከክፍልዎ ሌላ ደብዳቤ ደረሰ። ሟች ዘማች የተዋት ልጅ ስለሆነች አዲስ አበባ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ምግቧም መኝታዋም መጽሐፏም ተችሎ እንድትማር ተፈቅዷል ይላል። በዚህ ጉዳይ ስመላለስ አቶ ወልደማርያም፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሩኝ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም አሉኝ። አባትየው ከተነሣ የልጅቱ ይቀራል፣ የልጅቱ ከጸና አባትየው ሞቶ ይቆያል፤ በሕይወት ያለ ዘማች ልጅን የሚረዳ ደንብ የለም። አስበህ ምረጥ ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

ምክሩን ይዤ ቤቴ ገባሁ። አሚኔ፣ ኮንጎ ያልገደለህን ወረቀት ይግደልህ ወይ ብላ ተቆጣች። ዘጠኝ ዓመት ከጆንያ ጀርባ ያስጠናሁህ ለዚህ ነው ወይ ብላም ጠየቀችኝ። በማግሥቱ ግን የልጅቱን ልብስ ስታጥብ አገኘኋትና መምረጣችንን አወቅሁ። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አሯል፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የሚሉበትን መንገድ ኮሌጅ ብገባ ኖሮ እማር ነበር።

ባለፈው ሰኞ ሃሊማን አውቶቡስ አሳፈርኳት። ከመነሣቱ በፊት፣ ስለ አባቴ ቢጠይቁኝ ምን ልበል፣ መዋሸት እኮ አልችልም አለችኝ። አትዋሺ አልኳት፤ አባቴ አልፏል በያቸው፤ እኔ ሰባ ሦስት አምጥቼ ነው ያለፍኩት፣ እነርሱ የፈለጉትን ይረዱ። ሣቀች፣ ወዲያው ደግሞ እየሣቀች አለቀሰች። አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ሲታጠፍ እኔም አለቀስኩ፤ ለራሴ ለቅሶ የደረስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ በክቡርነትዎ ፊት ያቀረብኳቸውን የትንሣኤ ማመልከቻዎች ሁሉ በትሕትና አንሥቻለሁ። የኮሌጁ ወንበር መስከረም ሠላሳ ሲመሽ ለሌላ ይሰጣል፤ የሚቀመጥበትን ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይበሉልኝ። ይህ ደብዳቤ ልጄን ይጎዳል ብለው የሰጉልኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ግን አልሰጋም፤ ሟች የጻፈው ጽሑፍ በማስረጃነት እንደማይያዝ ክቡርነትዎ በፊርማዎና በማኅተምዎ አጽንተውታልና ይህንንም አልጻፍኩትም።

የማይሞት ወንበርና የማይዘጋ መዝገብ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከአፈሩ በላይ ሆኜ ከፍ ያለ አክብሮቴን የማቀርበው፣

በሕይወት ሳለ አሥር አለቃ የነበረው፣ በክቡርነትዎ ፈቃድ ሟች
ሸረፋ ጀማሉ
የበርበሬ ነጋዴ፣ ቡታጅራ

የተረሳ ነገር፦ ቀኑን ባላውቀውም፣ እውነተኛው ሞቴ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዲሬክተራችን አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ አደራ ብያቸዋለሁና፣ ያችኑ ቴሌግራም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይልኩልዎታል፦ «አሥር አለቃ ሸረፋ ጀማሉ አልፏል።» እባክዎን ያን ቀን ፈተናውን ነው ብለው ይረዱልኝና ኮሌጅ ያስገቡኝ።