ትርንጎ ማንን ፈራች

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬም ነከሰችኝ። አውራ ጣቴን፣ ደሙ እስኪወርድ። ግድ የለም፣ ትንከሰኝ። ያገኘሁት ነገር ለአሥር ንክሻ ይበቃል።

ትርንጎ የአከራዬ የአያ ላቀው ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ። ከኅዳር ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ ስለሆነ ድምጿን ጭራሽ አላውቀውም። ዘንድሮ ኮሌጅ የልጆች እድገትና የአእምሮ ሕመም የሚባል ትምህርት ጀምረናል። ህንዱ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ልጅ ወር ሙሉ እያየን እንድንጽፍ አዟል። ጓደኞቼ ልጅ ፍለጋ ጎንደርን ሲያስሱ እኔ በተከራየሁበት ቤት ከነሕመሟ አገኘኋት። እንዴት ያለ ዕድል ነው አልኩ፣ አፈር ልብላና።

ረፋድ ላይ ከወለቃ መንደር አንዲት ሸክላ ሠሪ እንስራ አዝላ መጣች። ትርንጎ ገና በሩ ላይ ስታያት እሪ ብላ አልጋ ሥር ገባች። ጎትቼ ላወጣት ስል ነው የነከሰችኝ። ደብተሬ ላይ «ሸክላ ሠሪዋን ትፈራለች» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከዚያ እናቷን እትዬ ጥሩነሽን «ይችን ሴትዮ መፍራት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳቸው። መጽሐፉ ቤተሰብ ጠይቁ ይላል፣ ጠየቅሁ። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የአያ ላቀው ወንድም አያ ዳኘው ደጅ ተቀምጠው ኖሯል። ቀና ብለው አዩኝና ተነሥተው ወጡ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ከክፍል ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። «ቡዳ ነው የበላት። የኮሌጁም ልጅ አይቶ ጽፎታል» ይባላል። ደብተሬን ከትራሴ ሥር አውጥተውታል። አያ ዳኘው ፊደል አይለዩም፣ ግን ያሰመርኩትን በጣታቸው እየነኩ «ይኸው፣ ሁለት ጊዜ!» ይላሉ።

ዐዋቂ የሚሉትን ሰውዬ አመጡ። ትርንጎን በጋቢ ጠቅልለው የግዛዋ ቅጠል አጠኗት። በእነሱ ደንብ ቡዳ የበላው ሰው ጭሱ ሲገባው ይለፈልፋል፣ የበላውንም ሰው ስም ይጠራል። ይች ግን መናገር ካቆመች ወር አልፏት! «ማን በላሽ? ተናገሪ!» ሲሏት ሳል ብቻ። ሰውዬው በጥፊ አላት። ደገማት። አፍንጫዋ ደማ። እጁን ስይዘው አያ ዳኘው ትከሻዬን በዱላ አሉኝ፣ በጉልበቴ ወደቅሁ። አያ ላቀው ጥግ ቆመው ያያሉ። እትዬ ጥሩነሽ መሬት መሬት ያያሉ። የማን ልጅ ናት ይቺ ልጅ?

ስም አልወጣትም። እንግዲያ አፏን የዘጋችው ያችው ሴትዮ ናት ተባለ። ከሴትዮዋ ፀጉርና ልብስ ቆርጠው አምጥተው ልጅቱን በእሱ ሊያጥኗት ነው። ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ፣ የወለቃ ሰዎች ቅዳሜን ስለሚያከብሩ ከቤታቸው አይወጡም።

«አልሰጥም ብትልስ?» አልኩ።

አያ ዳኘው ሳቁ። «ከነራሷ እናመጣዋለን» አሉ። ቀልድ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

መምህሩ የጻፍኩትን አነበበና «ሴትዮዋ ስትመጣ ምን ይዛ ነበር?» አለኝ።

«እንስራ።»

«ልጅቱ ከሴትዮዋ ነው የሸሸችው ወይስ ከእንስራው?»

ደብተሬን ገልጬ ፈለግሁ፣ አልጻፍኩትም። «ያየኸው መሸሿን ነው፣ ከማን የሚለውን ከራስህ ጨመርክ» አለኝና ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ስለ ቅዳሜው ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፣ ግን የውጭ አገር ሰው ምን ያድርግ። ፖሊስ ሂድ አለኝ። ሄድኩ። የተረኛው ሃምሳ አለቃ «ሰው ሳይነካ ማንን ልሰር? ሲነካ ና» አለኝ።

ቤት ስገባ አንድ ነገር ታየኝ። እዚህ ቤት እንስራ የለም! ውሃ የሚቀዳው በባልዲ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ባልዲ ስጠጣ ዐይኔ የት ነበር?

ከጎረቤት ባዶ እንስራ ተዋስኩ። እትዬ ጥሩነሽና ትርንጎ ብቻቸውን ነበሩ። እንስራውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማድረግ ያልነበረብኝ ነገር ነው። ልጅቱ ሽንቷ አመለጣት። አልጋ ሥር ግን አልገባችም። እናቷ ላይ ተንጠላጥላ ወጣችና በሁለት እጇ የእናቷን ጭንቅላት ሸፈነች። የራሷን አይደለም፣ የእናቷን!

እትዬ ጥሩነሽ አለቀሱ። ሻሻቸውን ፈተው አሳዩኝ። ከግንባራቸው እስከ ማጅራታቸው ፀጉር ያልበቀለበት ጠባሳ። በኅዳር መባቻ አያ ላቀው ሰክረው ገብተው ውሃ የሞላ እንስራ አንሥተው አናታቸው ላይ ሰበሩት። የአራት ወር እርጉዝ ነበሩ። ጽንሱ በሦስተኛው ቀን ወረደ። ትርንጎ በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«ከደረጃ ወደቅሁ ብያለሁ» አሉኝ። «ወንድሞቼ ማክሰኝት ናቸው። ቢሰሙ ደም ነው። እሱም ቢሰማ ይገድለኛል። ልጄ፣ እንዳትናገር።»

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ ላቀውን አንቱ አልለውም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ወለቃ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጭቃ እየረገጠች አገኘኋት። ስሟ ተዋበች ነው፣ ዛሬ ነው የጠየቅኋት። የጻፍኩትን፣ ልጅቱ የምትፈራው እንስራውን መሆኑንና ለቅዳሜ የታሰበውን ነግሬ እንድትሸሽ ለመንኳት። መርገጧን አላቆመችም።

«ብሸሽ እሷው ነበረች ይሉኛል። ከዚያ እህቴን ይይዛሉ» አለች።

«እንግዲያ ምን ይሻላል?»

«ምነው፣ ያመጣኸው አንተ፣ መላውን የምትጠይቅ እኔን?»

እውነቷን ነው። ክንዷ ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። የምድጃ መስሎኝ ስጠይቃት «ይኸም እንደናንተ ያለ ሰው ያቃጠለኝ ነው» ብላ ጭቃዋን ገለበጠች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ሁለት ሴቶች። እውነቱን ብናገር አንዷ ትሞታለች፣ ዝም ብል አንዷ። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ክፍል ተቀምጬ የሰማሁት የለም።

ማታ ላቀው ሽመሉን ቅቤ ሲቀባ አየሁት። በጾም፣ ቅቤ። ዘጠኝ ሰው ይሄዳል፣ አንዱ ጠመንጃ አለው። «ምነው ከሳህ?» አለኝ፣ እንደ ወንድም። የቅቤውን ሳህን ፊቱ ላይ ልሰብርበት አማረኝ። «ፈተና ነው» አልኩት።

አንድ መላ አለኝ። ውሸት ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 10

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ የዶሮ ጭረት ሆኗል። ቀኝ ክንዴ ከክርኔ በታች ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ነው። ሁለት ጥርስ የለኝም። የአንድ ጎን የጎድን አጥንቴ ያስነጠሰኝ እንደሆነ ነፍሴን ያወጣታል። የሆስፒታል አልጋ ላይ ነኝ።

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ዘጠኙም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። በሩ ላይ ቆምኩና ጮክ ብዬ «ሴትዮዋ አይደለችም። ልጅቱን ያስደነገጥኳት እኔ ነኝ። ቤቱን ከመከራየቴ በፊት ላየው መጥቼ እንስራ ሰብሬባት ሮጥኩ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» አልኩ።

እንዴት ያለ ደካማ ውሸት! ያምኑኛል ብዬም አላሰብኩም፣ እኔን ሲመቱ ንዴታቸው ይበርድ ይሆናል ብዬ እንጂ። ላቀው ብቻ ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ መጀመሪያ የመታኝም እሱ ነው፣ አፌን። እንስራ የሚለውን ቃል ነው የመታው። ከዚያ ዳኘው ክንዴን። ከዚያ ሁሉም። አውድማ ሙሉ ጤፍ እንደሚወቃ ወቁኝ። ደሜ ዐይኔ ውስጥ ገብቶ ማን እንደሚመታኝ አላይም።

የእትዬ ጥሩነሽን ድምፅ ሰማሁ። ራሳቸውን ገልጠው፣ ሻሹን በእጃቸው ይዘው፣ ባዶ እግራቸውን ወጡ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት አናታቸውን አጎነበሱ። «የሰበረው እሱ አይደለም። እንስራው እዚህ ነው የተሰበረው። ሰባሪው ይኸ ቆሟል» አሉና ባላቸውን በጣታቸው አሳዩ። «ሆዴ ውስጥ የነበረውንም በልቶታል። ቡዳ ከፈለጋችሁ ከወለቃ ምን አስኬዳችሁ?»

ላቀው ሽመሉን አነሣባቸው። የያዘው ሰው ዳኘው ነው! ያ ክንዴን የሰበረ ዳኘው ወንድሙን አንገቱን አንቆ ከግድግዳ አጋጨው። «ባልበላች ሴት ደም ልታስገባኝ ነበር! ልጆቼን ባለደም ልታደርግ!» እያለ እስኪወድቅ ቀጠቀጠው። ያ ዐዋቂ የተባለው ሰውዬ መቼ እንደወጣ ያየው የለም። ወለቃ የሄደም የለም።

ከሰዓት እትዬ ጥሩነሽ ትርንጎን ይዘው በማኪና ወደ ማክሰኝት፣ ወንድሞቻቸው ዘንድ ሄደዋል። ልጅቱ ተናገረች ወይ ብዬ ሆስፒታል ሊያዩኝ የመጡትን ሸኚዎች ጠየቅሁ። አልተናገረችም። የእትዬ ጥሩነሽ ወንድሞች ምን እንደሚያደርጉ እንጃ። ላቀው ጠመንጃ ተበድሮ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል ይባላል። ከእንግዲህ ሰው ቢሞት የእኔም እጅ አለበት፣ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ዕቃዬን ልወስድ ጓደኛዬ ደግፎኝ ወደ ሰፈር ሄድኩ። ተዋበች ሸክላዋን አዝላ በመንገዱ ስትመጣ አገኘኋት። ሁለት ጎረቤት በሩን ዘጋባት፣ አንዷ ደግሞ ከእሷ ገዛች። ስታየኝ ቆመች። ይቅር በይኝ አልኳት፣ ጥርስ ስለሌለኝ ቃሉ ፉጨት ሆኖ ወጣ።

«አጥንትህ ይጠገን» አለች። «ይቅርታውን በኋላ አይበታለሁ።»

ሸክሟን አየሁት። ምጣድ፣ ገንቦ፣ ወጭት። እንስራ የለም። ምነው አልኳት።

«ልጅቷ ትፈራለች አላልክም? በዚህ በር እንስራ ይዤ አላልፍም ብዬ ነው።»

ልትገደል የነበረችው እሷ ናት እኮ! ትርንጎ ማክሰኝት ሄዳለች አልኳት፣ እዚህ የለችም።

ትንሽ አሰበችና ገመዷን አጠበቀች። «ሸጋ። እንግዲያ ነገ አመጣዋለሁ። ያለ እንስራ ገበያ የለኝም» ብላ ወደሚቀጥለው በር ሄደች።

ሳቅሁ ወይስ አለቀስኩ፣ እንጃ። ጎኔን እንዲያ የወጋኝ ግን ስስቅ መሆን አለበት።