ግዕዝ የአንተ ድርሻ ነበር

አባዬ፣

“ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ አፉን የሚፈታው በአራት ዓመቱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ዓመት ይጨመርበታል።” ይህን ያሉት ክትባት ወረፋ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ ነበሩ። የተናገሩት አጠገባቸው ላለችው ሴት እንጂ ለእኔ አልነበረም፤ ስለ እኔ ልጅ መሆኑን ግን አልደበቁም። ሒሳቡ ልክ ስለነበር አመንሁ። ቤት ገብቼም ለአንተና ለባለቤቴ ለቶማስ ነገርኋችሁ፤ ሶስና አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ማንም ምንም እንዳይጠብቅ፣ ማንም እንዳይጨነቅ። ቶማስ ስለ ልጆች ቋንቋ የሚያወራውን መጽሐፉን ሊያይ ሄደ። አንተ “ይሁና፤ ዘካርያስም ዘጠኝ ወር ዝም ብሏል፣ ያውም ካህን ሆኖ” አልኸኝ።

ይኸው አሁን አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። አንተ ካረፍህ ደግሞ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ አንተ እያልሁህ ነው ያደግሁት፤ ደብዳቤ ቢያነቡትም ባያነቡትም የቤት ነውና አንተ ልበልህ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። የጓሮውን አጥር አፍርሰን በድንጋይ ሠራነው። ውሻው አረጀ፤ አሁን የሚጮኸው ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው። ጀርመናዊው አማችህ ደጋ ላይ የሚበቅለውን ጅብራ ሊቆጥር ለስድስት ወር መጥቶ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። ዛሬም ተራራው ላይ ሳንቃ በር ይወጣና ሁለት ሳምንት ከርሞ ይመለሳል፤ ቆጥሮ አልጨረሰም። የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች “ቶማስ፣ ይኼ ጅብራ ማታ ማታ ይወልዳል እንዴ?” እያሉ ያሾፉበታል። እሱ በሙሉ ልቡ ጅብራ እንዴት እንደሚራባ ያስረዳቸዋል። እኔ ያው አማርኛ አስተምራለሁ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ያ የቶማስ መጽሐፍ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ከዳባት ወደ እኛ ደባርቅ መጥተህ ገና ዓመት አልሞላህም ነበር። ሶስና ክርስትና በተነሣች ማግሥት መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሕጉን አነበበልን። አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ። አባት ጀርመንኛ፣ እናት አማርኛ፤ መደበላለቅ የለም፣ ልጁ ግራ ይጋባልና። አንተ እስኪጨርስ ጠብቀህ “ሕጉ መልካም ነው። የእኔስ ድርሻ የቱ ነው?” አልህ። አንተም አማርኛ ብታወራት ችግር እንደሌለው ነገርንህ። “አማርኛውን እሷ ይዛዋለች። ሁለት ሰው አንድ ማሳ ላይ ምን ያደርጋል?” አልህ። ከዚያ ከተከፋፈለ መሬት የቀረችውን ቁራሽ እንደሚመርጥ ሰው ቀና ብለህ “እንግዲያው እኔ ግዕዙን እይዛለሁ” አልኸን።

ቶማስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አውቅሃለሁ። ዳዊት ደግመህ በአሥራ ሁለት ዓመትህ አስኳላ የገባህ፣ ሠላሳ ዓመት ዳባት ላይ ሒሳብ ያስተማርህ ሰው ነህ፤ ሕግ ከተባለ ሕግ ነው። በማግሥቱ ማለዳ አልጋዋ አጠገብ ቆመህ “እፎ ኀደርኪ” አልኻት። እንዴት አደርሽ ማለት መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ ለልጄ አንድ የአማርኛ ቃል አልተናገርህም። ወተቱ ሐሊብ ሆነ፣ ውሻው ከልብ። ከደረጃው ልትወድቅ ስትል እንኳ በግዕዝ ነው የጮኽህባት። እኔ በአማርኛ ደርሼ ያዝኋት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀንቼ ነበር። ወንድሞቼን ዳዊት ስታስደግም እኔ የሰማሁት ከጓዳ ሆኜ ነው። ሴት ልጅ ግዕዝ ምን ይሠራላታል አላልኸኝም፤ እኔም አልጠየቅሁህም፤ እንዲሁ ተላልፈን ቀረን። ለእኔ ያልደረሰኝን ለልጄ ስታጎርሳት አጠገባችሁ ተቀምጬ ደብተር አርም ነበር። ደስታው ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣልኝ፤ መጣ ግን።

በዓመት ከመንፈቋ አፏን ፈታች። የክትባቷ ሴትዮ በሁለት ዓመት ተኩል ተሳሳቱ። ሦስታችንም የየራሳችንን ቃል አድብተን ስንጠብቅ ከርመናል፤ ቶማስማ መቅረጫ ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር። ልጅቷ ብርጭቆውን አይታ “ማይ” አለች። ውኃ፣ በአንተ ቋንቋ። ከአዲ አርቃይ የመጣችው ጎረቤታችን ሰምታ “በሉ አትልፉ፣ በትግርኛ ፈታች” ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አንተ ነጠላህን አስተካክለህ ያለ ሰዓትህ ቤተ ክርስቲያን ሄድህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይዘሃት ስትወርድ፣ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ እየጠቆመች ስሙን ትጠይቅህ ነበር። አንድም ቀን ስትቸገር አላየሁም። ቲማቲም የምትሸጠው ሴት “መምህር፣ ለፈረንጅቷ ቅዳሴ እያስተማሯት ነው?” ስትልህ “ቅዳሴ አይደለም፣ ቲማቲም ነው” አልኻት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ለሶስና ምራቂ ሁለት ሁለት ቲማቲም ትጨምርላት ጀመር። ለቅዳሴው ይሁን ለቲማቲሙ አላወቅንም።

የእሑዱን ነገር ደግሞ እንዴት ልተወው። የቶማስ እናት፣ ኦማ፣ በስካይፕ ተረት ታነባለች፤ ተኩላው በሩን ሊሰብር ሲል ኔትዎርኩ ይቋረጣል። ሶስና ለብዙ ጊዜ ተረቱ እዚያ ላይ የሚያልቅ ይመስላት ነበር። አንተ ጋቢህን ደርበህ ካሜራው ፊት ትቀመጥና እንደ አገርህ ደንብ ሰላምታህን ታቀርባለህ፤ እንደምን ሰነበቱ፣ ቤት ልጁ እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ብርዱስ እንዴት ያዛችሁ። ቶማስ ሲተረጉመው ሁለት ቃል ይሆናል። “ያን ሁሉ?” ትለዋለህ በጥርጣሬ። ከብት የላትም ብንልህ “ከሌላትማ ይበልጥ መጠየቅ አለባት” አልኸን። ልጇን ለእኛ ሰጥታ የልጅ ልጇን በመስተዋት የምታይ ሴት ናት፣ ሰላምታ ሊያጥርባት አይገባም አልህ። ይህንን ቶማስ ሳያሳጥር ተረጎመላት። ኦማ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

ያረፍህ ጊዜ ሶስና ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነበረች። ድንኳን ተጣለ፣ የዳባት ዘመድ ሁሉ መጣ። እሷ ሽማግሌዎቹ መካከል እየዞረች፣ ነጭ ለብሶ ዱላ የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ፊቱ ቆማ “እፎ ኀደርከ” ትል ጀመር። ገበሬዎቹ ተያዩ። አንደኛው ለአጠገቡ ሰው “የአባቷ አገር ቋንቋ ነው” ብሎ አስረዳ። አንድ ቄስ ብቻ ጎንበስ ብለው “እግዚአብሔር ይሴባሕ” አሏት። ትክክለኛው መልስ ነበር። ፊታቸውን ብዙ አየችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ከአርባህ በኋላ ማሳህ ጦም እንዳያድር ብዬ ተነሣሁ። ከሥራ ስወጣ ማርያም ግቢ እየሄድሁ ከመሪጌታው መማር ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ወር እንደጨረስሁ አንድ ማለዳ አልጋዋ አጠገብ፣ አንተ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜ “እፎ ኀደርኪ” አልኋት። አፍጥጣ አየችኝ። “እማዬ፣ አንቺ አማርኛ ነሽ” አለችኝ። ደገምሁላት። “ይሄ የአባባ ነው” አለችና ብርድ ልብሱን ተከናነበች።

ሦስት ሳምንት ታገልሁ። ሐሊብ ብዬ ያቀረብሁትን አትጠጣም፤ ያንኑ ብርጭቆ መልሼ ወተት ስለው ትጠጣለች። ቶማስ ሕጉ እንደዚያ ነው አለኝ። “መጽሐፍህ ሰውየው ሲሞት ቋንቋውን ማን እንደሚወርስ ይናገራል?” አልሁት። ማውጫውን ከላይ እስከ ታች አየ። የለም አለ።

ለብቻዋ ስትሆን ግን ትናገረው ነበር፤ ትቀመጥባት በነበረችው ዱካህ ላይ ተቀምጣ፣ ለውሻው። ለውሻው ማን እንደፈቀደለት አላውቅም። እኔ ከበር ጀርባ ቆሜ፣ ዕድሜ ልኬን ተማሪ እንዳይኮርጅ ስጠብቅ የኖርሁት ሴትዮ፣ የሰማሁትን እየኮረጅሁ ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። የጭጋጉን ስም፣ የባትሪውን፣ የጀሪካኑን፣ የጭላዳውን። መጀመሪያ በቀን አምስት ስድስት ቃል አገኝ ነበር። ክረምት ሲገባ በሳምንት አንድ። ከመስከረም ወዲህ ለውሻውም አማርኛ ሆነ።

ባለፈው እሑድ ኦማ ራሷ ግዕዝ እንድትናገርላት ጠየቀቻት። የልጅ ልጄ የጥንት ነገሥታት ቋንቋ ትናገራለች እያለች ሰፈሩን ሁሉ ስላዳረሰች፣ ጎረቤቷን አጠገቧ አስቀምጣ ነበር የቀረበችው። ሶስና በጀርመንኛ መለሰችላት። እስኪ ምን አለች ብዬ ቶማስን ጠየቅሁት። “እሱንማ አባባ ይዞት ሄደ” ነው ያለችው። አላለቀሰችም። ቀጥላ ተረቷን አስነበበች። ያን ዕለት ኔትዎርኩ ደግ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አልወደደችውም።

አባዬ፣ ሌላውን ሁሉ ይዘህ ሂድ፣ ይህንን ግን አልለቅልህም። ደብተሩ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከክትባት ካርዷ ጋር ተቀምጧል። አድጋ አባባ ምን ይለኝ ነበር ብላ የጠየቀችኝ ቀን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አነብላታለሁ። እስከዚያው እሷ ሳትነቃ ጓዳ ገብቼ አንድ ገጽ በቃሌ እወጣለሁ፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ በለሆሳስ። ቋንቋህ በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ አያጣም። ይህን ቃል የምሰጥህ ቃል ምን እንደሆነ የማውቅ የቋንቋ አስተማሪ ነኝ።

ትናንት ፊደሉን እንዲያርሙልኝ ደብተሩን ለመሪጌታው ወሰድሁት። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። አርባ ሦስት ቃል ነው፤ ግዕዝ የሆነው አሥራ ሁለቱ ነው፤ ሠላሳ አንዱ የአንተው ነው።