የወንፈሉን ቀን ማን ይቆርጣል? የዶክተር ዓይናለም ሙላቴ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ዓይናለም ሙላቴ ከአባታቸው ከአቶ ሙላቴ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ተገኝ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሁለተኛ ናቸው። በዚያ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል እንጂ አፉን አይከፍትም ነበር፤ ዓይናለምም በዚሁ ሥርዓት አደጉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማቸው አጠናቀው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1981 ዓ.ም. እብናት ተመደቡ። በ1985 ዓ.ም. ከአቶ ሲሳይ ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሙሉቀንንና ትዝታን ወልደዋል። ልጆቻቸውን እያሳደጉ በክረምት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሶሲዮሎጂ ተቀበሉ።

በ2010 ዓ.ም.፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በኢኮኖሚና በድርጅት ሶሲዮሎጂ የዶክትሬት ትምህርት ጀመሩ። ይህ ሰዎች ለሥራ እንዴት እንደሚደራጁ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። ያን ጊዜ «ምን ጎደለሽ? አርፈሽ ጡረታሽን አትጠብቂም?» ያሏቸው ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው የማይጠራው ቦታው ስላልፈቀደ እንጂ ስለተረሳ አይደለም።

የመረጡት ርእስ ወንፈል ነበር፤ ገበሬዎች ተራ ገብተው አንዱ የሌላውን ማሳ የሚያጭዱበት ልማድ። «ማኅተም የለው፣ ጽሕፈት ቤት የለው፣ ምኑ ነው ድርጅት?» ብሎ የሳቀ ሹም ነበር። ማኅተም ያለው ስንቱ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ሲያመላልስ ይከርማል፤ በእብናት ዙሪያ ያለው ወንፈል ግን ማኅተም ሳይኖረው የአንድ ሰው ማሳ እንኳ ዝናብ ላይ ጥሎ አያውቅም። ዓይናለም ይህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ፈለጉ።

ገበሬዎቹን ሰብስበው «ተራውን የሚያወጣው፣ ቀኑን የሚቆርጠው ማነው?» ሲሉ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ በዕድሜ ትልቁን አያ ይሻውን ጠሩ። በእርግጥም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ሐሙስ እነ እገሌ ዘንድ» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ዓይናለም ስለ አያ ይሻው አመራር ሰባ ገጽ የሞላ የጥናታቸውን አንድ ምዕራፍ ጻፉ። ምዕራፉ ተመሰገነ።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አያ ይሻው እግራቸው ተሰብሮ ለሦስት ሳምንት ተኙ። ወንፈሉ ግን አንድ ቀን አልተዛነፈም። ዓይናለም ግራ ገብቷቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ የተባሉ ባለ ሦስት ልጅ ገበሬ ዘንድ ሄደው ጠየቁ።

«እትዬ፣ ጠላው ሳይደርስ ማን ያጭዳል?» አሉ ፈንታነሽ እየሳቁ። የማን ጠላ መቼ እንደሚደርስ ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ ይነጋገራሉ፤ ፈንታነሽ ሰብስበው ተራውን ያወጣሉ፤ ለአያ ይሻው ይነግራሉ፤ አያ ይሻው ያውጃሉ።

«ታዲያ ስጠይቅ ለምን ዝም አላችሁ?»

«አያ ይሻው ተቀምጠው? ማን 'እርስዎ አይደሉም' ይላቸዋል? እርስዎ ቢሆኑ ይሉ ነበር?»

አይሉም ነበር። ያሳሳታቸው የገዛ አስተዳደጋቸው ነው፤ አዛውንቱን ፊት አስቀምጠው ጠየቁ፣ የተነገራቸውንም በጨዋ ደንብ ተቀበሉ።

ምዕራፉን እንደገና ሊጽፉ በተነሡ በሁለተኛው ወር የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። አንድ ባልደረባቸው በቅንነት፣ «ጊዜ የለሽም። ምዕራፉ እንዳለ ይለፍ፤ ማን ያየዋል?» አሏቸው። ዓይናለም «ፈንታነሽ» ብለው መለሱ። «ማንበብ አትችልም እኮ!» ሲባሉ፣ «ልጇ ታነብላታለች» አሉ። ሐሰት ጽፈው ሳይነቃባቸው በማዕረግ ላይ ማዕረግ የደረቡ ሰዎች ይህን መልስ ደግመው ቢሰሙት መልካም ነው።

መንገድ በተከፈተ ቀን እብናት እየወረዱ፣ ሕክምና ላይ ሲሆኑ ለትዝታ ቃል በቃል እየነገሩ፣ ሰባውን ገጽ ጥለው በአሥራ አራት ወር አዲስ ምዕራፍ ጻፉ። ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ተቀምጠው ጥናታቸውን ተከላከሉ። ከፈታኞቹ አንዱ «ይህን የሚያረጋግጥልዎት ማነው?» ሲሉ ዓይናለም ወደ ኋላ ወንበር አመለከቱ። ፈንታነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ዙሪያውን ቃኝተው፣ «አያ ይሻው ከሌሉ እናገራለሁ» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያም ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ ማንም አላቋረጣቸውም። ጥናቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» በሚል ውጤት ጸደቀ።

የምርቃቱ ሥነ ሥርዓት ገና ሳይደረግ በዚህ ጽሑፍ ላይ «ዶክተር» ተብሎ ይጻፍ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። ይጻፋል፤ ተጽፏልም።

ዶክተር ዓይናለም በሐኪምና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና አምስት ወንድሞችና እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ትዝታ በመጪው መስከረም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቷን በዚያው ዘርፍ ትጀምራለች። የፈንታነሽ ታላቅ ልጅ ደግሞ ምዕራፉን ለእናቷ አንብባ ወደ መጨረሻው ተቃርባለች፤ እስካሁን ሁለት ቦታ ላይ እርማት ተገኝቷል፤ ሁለቱም ተመዝግበዋል።

እውነትን ብለው የደከሙባትን ዘመን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለቀሩት ብርታቱን፣ ለተማሪዎቻቸውም ተሳስቻለሁ የሚል ልብ ይስጥልን። አሜን።